ልጄ አክተር የሆነ መስሎኝ ነበር፦ ስለ አንድ የማታ እንግሊዝኛ ኮርስ

ባለፈው ጥቅምት ከትልቁ ልጄ አስተማሪ ኢሜይል መጣልኝ። ልጁ ስምንተኛ ክፍል ነው። ኢሜይሉን ያነበብኩት ከሥራ ስመለስ፣ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነው። ከአራት መስመር አይበልጥም። መጀመሪያው ላይ ልጅዎ ክፍል ውስጥ «አክቲንግ አፕ» ነው ይላል። አክቲንግ! ደስ አለኝ። ቤት ውስጥ ከስልኩ ቀና የማይለው ልጅ ለካ ት/ቤት ትወና ጀምሯል። እዚያው እንደቆምኩ ደሴ ላለችው እህቴ ቮይስ ላክሁላት። «ልጅሽ አክተር ሊሆንልሽ ነው» አልኳት። በእልልታ መለሰችልኝ።

ቀጥሎ «ፎሊንግ ቢሃይንድ» የሚል አለ። ይቺ ትንሽ ከነከነችኝ፤ ፎል መውደቅ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ዝቅ ስል ኩዊዝ «ሜክ አፕ» ማድረግ አለበት የሚል አየሁ። ሜካፕ። ድራማ ላይ ሜካፕ ይቀባሉ አይደል? ሁሉም ነገር ግጥም አለልኝ።

ቤት ገብቼ ልጁን «ድራማ ገባህ እንዴ?» አልኩት። ስልኬን ተቀብሎ አነበበ። አንዴ እኔን አየ፣ አንዴ አባቱን አየ። «አዎ ማሚ፣ ድራማ ነው» አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የተዋናይ እናት ሆኜ ሰነበትኩ። ጉዱ የወጣው የወላጆች ስብሰባ ዕለት ነው። አስተማሪዋ ተናገረች። በስልክ የገባችው አስተርጓሚ ጉሮሮዋን ጠራርጋ «እህቴ፣ ክፍል ውስጥ ይረብሻል ነው የሚሉት» አለችኝ። በትምህርቱም ወደ ኋላ ቀርቷል። ሁለት የቤት ሥራ አላስረከበም። ያመለጠውን ኩዊዝ ሌላ ቀን መፈተን አለበት። ሜካፑ ይሄ ነበር።

ልጁን ምን እንዳደረግሁት እዚህ አልጽፍም። እኔ ግን በዚያው ንዴት ኮርስ ገባሁ።

እንግሊዝኛ ጭራሽ የማልችል ሰው አይደለሁም። ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ፕላዝማ በገባበት ዓመት። ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ብረት ሳጥን ውስጥ የሚቆለፍ ትልቅ ቴሌቪዥን። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት የሚመጣ። የፕላዝማው መምህር ሰው አይጠብቅም። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሰዓት ይቆጥራል፣ እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ያልፋል። ማን እንደመለሰለት እግዜር ይወቅ። መብራት ሲጠፋ ነበር የምንገላገለው።

እንዲያም ሆኖ አንድ ነገር ትቶልናል፤ ትልልቁን እንግሊዝኛ። ሰብሚት። ዲስትሪቢዩት። ፖስትፖን። ኢንቬስቲጌት። ፎቶሲንተሲስ። እነዚህን ሌሊት ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ እመልሳለሁ። ሸምድጃቸዋለሁ። አሜሪካ ስመጣ ግን ሰብሚት (ማስረከብ) የሚል ሰው አጣሁ። ሃንድ ኢን ይላሉ፤ ተርን ኢን ይላሉ። ዲስትሪቢዩት (ማደል) ቀርቶ ሃንድ አውት ነው። ፖስትፖን (ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ) ቀርቶ ፑት ኦፍ። ኢንቬስቲጌት (መመርመር) ቀርቶ ሉክ ኢንቱ። ሃንድ አውቃለሁ፤ እጅ ነው። ኢንም አውቃለሁ፤ ውስጥ ነው። እጅ ውስጥ። እሺ፣ ከዚያስ?

ትልልቁን ችዬ በትንንሹ ነው የተሸነፍኩት። ፍሬዛል ቨርብ የሚሏቸው እነዚህ ናቸው። አንድ ሕፃን የሚያውቀው ግሥ ይወሰድና ከኋላው አፕ፣ ኢን፣ አውት፣ ኦፍ ይለጠፍበታል። ከዚያ ሁለቱም የማያውቁት ሦስተኛ ትርጉም ይወለዳል።

ኮርሱን ያገኘሁት እንጀራ የምገዛበት ሱቅ በር ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት። 10 ሳምንት፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ በአሜሪካ ሰዓት ከ7 እስከ 9፤ በእኛ ከማታው 1 እስከ 3። ዋጋው ከፎቶኮፒው ጋር 60 ዶላር። ወረቀቱ ላይ «የት/ቤት እንግሊዝኛ ለወላጆች» ይላል። ስሙን አልጽፍም። የሚያስተምሩት በነፃ ነው፤ እኔ ደግሞ ጉድለታቸውንም ልናገር ስለሆነ እንዲከፋቸው አልፈልግም። ሰፈሩን የሚያውቅ ያገኛቸዋል።

14 ተማሪዎች ነበርን። ግማሹ የኤል ሳልቫዶር ሰዎች፣ አንዲት ቬትናማዊት አያት፣ ባልና ሚስት ካሜሩኖች። ከእኛ አገር እኔና አንድ ትልቅ ሰው ብቻ። ገና በሩን ከፍተው ሲገቡ «ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ» አልኳቸው፤ ከዚያ በኋላ ስም አላስፈለገንም። ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ነው የሚሠሩት፤ ሌሊት። የመጡት በልጅ ልጃቸው ምክንያት ነው። ልጅቷን ከት/ቤት የሚያመጧት እሳቸው ናቸው። ጽሕፈት ቤቱ የሚላቸው እየጠፋቸው ተቸግረዋል።

አስተማሪያችን 31 ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ማታ መጽሐፍ አላስከፈቱንም። የተደራረበ ባዶ ወረቀት ይዘው ተነሡ። በየወንበሩ እየዞሩ አንድ አንድ ሰጡን። ሲሰጡ «ሃንድ አውት» ይላሉ። እያንዳንዱ ሰው ጋ ቆመው፣ ዓይን ዓይን እያዩ። 14 ጊዜ። ስማችንን እንድንጽፍበት አዘዙን። ከዚያ ፊት ለፊት ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። እኛ ተራ በተራ እየሄድን አስረከብን። ይሄ «ሃንድ ኢን» ነው። ወረቀቱ ወደ እሳቸው ገባ፤ ኢን። ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። የእያንዳንዳችን ስም ላይ ትክክል ምልክት አድርገው እንደገና ዞሩ። ይሄ «ሃንድ ባክ»። ስሙን አገላብጦ የጻፈ አንድ ሰውዬ ነበር፤ የእሱን ከበቡበት። ሰውዬው ከልቡ ደነገጠ። ትንሽ ልጅ ሆንን ሁላችንም።

20 ደቂቃ ፈጀ። ሦስት ቃል። ለሦስት ቃል 20 ደቂቃ ብዙ ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ያቺን ሌሊት ሥራ ቦታ አልጋ ሳነጥፍ ሦስቱም ከነእጃቸው እንቅስቃሴ ይመጡብኝ ነበር። አረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምሠራው። አንሶላ ሳከፋፍል ሃንድ አውት፤ የቆሸሸውን ስሰበስብ ሃንድ ኢን፤ ታጥቦ ሲመለስ ሃንድ ባክ። ፕላዝማው በሁለት ዓመት ያልሰጠኝን ነው።

ሁለተኛው ሳምንት ደግሞ ወንበር ነበር። ሦስት ሰው አስነሡ። አንዷ «ሃንድ»፣ አንዱ «ኢን»፣ ጋሼ ደግሞ «ዘ ሆምወርክ» ሆኑ። ጋሼ የቤት ሥራ ሲሆኑ በፈለጉበት መቆም ይችላሉ። ሁለቱ መሀል ቢገቡ ያስኬዳል፤ ከኢን በስተጀርባ ቢቆሙም ያስኬዳል። ከዚያ አስተማሪዋ ደረታቸው ላይ «ኢት» የሚል ወረቀት ለጠፉባቸው። አሁን ምርጫ የለም። መሀል መግባት ግዴታ ነው። ሃንድ ኢት ኢን። ውጭ ቆመው «ሃንድ ኢን ኢት» ሲሆን አስተማሪዋ እንደ ዳኛ ያፏጫሉ።

ጋሼ ወረቀቱን እያዩ በአማርኛ አጉረመረሙ። «አንቺ ልጅ፣ ይቺ ሴትዮ በ62 ዓመቴ ዕቃ አደረገችኝ እኮ! ኢት ለዕቃ አይደለም እንዴ?»

«ጋሼ ይታገሱ፤ የሚቀጥለው ሳምንት ሂም ያደርጉዎታል» አልኳቸው።

ክፍሉ ምን እንዳልን ሳይገባው ሳቀ። ቀጥሎ «ጎ ኦቨር» መጣ፤ አንድን ትምህርት እንደገና ማየት፣ መከለስ። እዚህ ላይ ኢት መሀል መግባት አይችልም። ጎ ኦቨር ኢት ነው። ጋሼ በክብር ከመሀል ተባረሩ። የትኛው መሀሉን ይከፍታል፣ የትኛው ይዘጋል የሚለው በማየት እንደማይታወቅ አስተማሪዋ ደብቀው አላለፉም። «በጆሮ ነው የሚለመደው» አሉ። ሦስት ቃል የሆኑት፣ እነ ኪፕ አፕ ዊዝ (እኩል መራመድ)፣ ካች አፕ ኦን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይከፈቱም። ካች አፕ ወደ ኋላ የቀረ ተማሪ ሩጦ ሲደርስ ነው። ጋሼ እስከ መጨረሻው ኬቻፕ እያሉ ነው የተማሩት፤ ሲጽፉትም እንደዚያው።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። አንድ ሐሙስ፣ ሥራ አድሬ መጥቼ እንቅልፍ ሸለብ አደረገኝ። አስተማሪዋ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ኖድ ኦፍ አደረግሽ» አሉኝ። እንደነቃሁ ደብተሬ ላይ «ሸለብ አደረገኝ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ አፈጠጥኩበት። ሸለብ ምንድነው? ብቻውን ሲቆም ምንም አይደለም። እኛም አለን ማለት ነው!

ብድግ አለ እንላለን። ማን ምን አለ? ማንም ምንም አላለም፤ ሰውዬው ተነሣ። ዝም አለ ስንል ጭራሽ ይብሳል፤ ያልተናገረውን ሰው «አለ» እንለዋለን። አማርኛ ለመማር የሚሞክር ፈረንጅ እዚህ ላይ ፀጉሩን ነው የሚነጨው። መሀሉም ይከፈታል፤ ልክ እንደ ሃንድ ኢት ኢን። ብድግ እንኳ አላለም። ቁጭም አላለ። እንኳ እና ም መሀል ገብተው ቁጭ ይላሉ፤ እንደ ጋሼ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ደብተሬን ቀየርኩት። የኮርሱ ወረቀት እያንዳንዱን ፍሬዛል ቨርብ በትልቅ እንግሊዝኛ ነው የሚፈታው። እኔ በአማርኛው «አለ» ፈታሁት፤ ቁልጭ ብሎ ገባኝ። ሾው አፕ፣ ከች ማለት። ስቶፕ ባይ፣ ብቅ ማለት። ድሮፕ ኢን፣ ጎራ ማለት። ዞን አውት፣ በሐሳብ ጭልጥ ማለት። ስፒክ አፕ፣ ድምፅን ከፍ ማድረግ። ሴትል ዳውን ደግሞ አስተማሪ ክፍሉን «አደብ ግዙ» ሲል። ጭልጥ አለን ለማንም አስረድቼ አላውቅም፤ ዞን አውትን ግን በአንድ ደቂቃ አስረዳኝ። ጋሼ ደብተሬን ፎቶ አንሥተው ወሰዱት። ለልጅ ልጃቸው በግልባጩ አማርኛ ያስተምሩበታል አሉ።

አንድ ማታ አስተማሪዋን ለምን ሁለት እንግሊዝኛ እንዳለ ጠየቅኋቸው። ነገሩ የ1066 ነው አሉኝ። ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ቤተ መንግሥቱና ፍርድ ቤቱ በፈረንሳይኛ መሥራት ጀመረ። ሊቃውንቱ ደግሞ ላቲን። እነ ሰብሚት፣ እነ ፖስትፖን በዚያ በኩል የገቡ ቃላት ናቸው። እነ ሃንድ፣ እነ ፑት፣ እነ አውት ገበሬው ከድሮም ቤቱ ሲናገራቸው የኖሩ። ለእኔ ይሄ የግእዝና የአማርኛ ነገር ነው። ለመሥሪያ ቤት ስንጽፍ «ጉዳዩ» ብለን ግእዝ ግእዝ የሚሸት ነገር እናወርዳለን፤ ጎረቤት ጋ ግን እንዲህ አናወራም። እኔ አሜሪካ ገብቼ ስድስት ዓመት ጎረቤቶቼን በማመልከቻ ቋንቋ ሳናግር ነበር።

አሁን ስለ አደገኛዎቹ። ከኮርሱ በፊት፣ አንድ ቀን ትንሿን ልጄን አርፍጄ ወሰድኳት። ጽሕፈት ቤቱ መስኮት ላይ ቆሜ «ልጄን ድሮፕ አውት ላደርጋት ነው የመጣሁት» አልኩ። ጸሐፊዋ መነጽሯን አወለቀች። ልጅቷ አራተኛ ክፍል ናት። ማለት የፈለግሁት ድሮፕ ኦፍ ነው፤ አድርሼ ልሂድ። ያልኩት ግን ትምህርቷን ላቋርጣት መጣሁ ነው። ኦፍ እና አውት! አንዲት ፊደል በምታህል ልዩነት ልጄን ከትምህርት ገበታ ላስወጣት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ይሄን ለክፍሉ ስናገር ሳልቫዶራዊቷ ጠረጴዛ እየደበደበች ሳቀች። እሷም ያንኑ ብላለች።

ሌላው ፓስ አውት ነው። እኔ ሥራ ቦታ ፓስ አውት የምሰማው አንድ ሽማግሌ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ነው። ወዲያው እንሯሯጣለን። ኮርሱ ላይ አንድ አጭር ምንባብ ነበር። «አስተማሪው ወረቀቶቹን ፓስ አውት አደረገ» ይላል። ምስኪን፣ ምን ነክቶት ነው ብዬ ቀጠልኩ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሰውዬው ቆሞ ጥያቄ ይጠይቃል። ለካ ወረቀት ማደል ማለትም ነው። ሜክ አፕም እንደዚሁ ቤተሰቡ ብዙ ነው። ያለፈ ፈተናን ማካካስ ነው። ውሸት መፍጠርም ነው። ተጣልተው የሰነበቱ ልጆች ሲታረቁም ሜክ አፕ ነው። ልጄ ድራማ ነው ብሎ ሜክ አፕ አደረገ፣ በኋላ ኩዊዙን ሜክ አፕ አደረገ፣ ከእኔ ጋር ሜክ አፕ ለማድረግ ግን ወር ፈጀበት። ይህን ዓረፍተ ነገር ለፈተና ጽፌ ሙሉ አግኝቼበታለሁ።

ስለ አነባበብም ጥሩ ነገር አስተምረውናል። ግሥ ሲሆን ጉልበቱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ቃል ላይ ያርፋል። ስም ሲሆን መጀመሪያው ላይ። በጭብጨባ አለማመዱን። እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ የገባ ሁሉ ሃንድአውትን ያውቃል፤ ፎቶኮፒ ቤት ተሰልፈን ስንገዛው ኖረናል። ግሡ ግን ከዚያው እንደመጣ አንድም ቀን ጠርጥሬ አላውቅም። ሜካፕም እንደዚሁ። ስሙን ይዘን ግሡን ረስተነዋል።

እስከ አሁን አመሰገንኩ። አሁን ወደ ጉድለቱ።

አራተኛው ሳምንት ላይ አስተማሪዋ አመማቸውና ሌላ ሰው ተካ። ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፤ ግን ገና መግባቱ 64 ፍሬዛል ቨርብ በአንድ ወረቀት አደለን። በፊደል ቅደም ተከተል። አስክ አራውንድ፣ ብሬክ ዳውን፣ ብሪንግ አፕ እያለ የሚወርድ። ግማሹ ስለ ት/ቤት አይደለም። አንብቡ፣ በቃላችሁ ያዙ፣ ሐሙስ ፈተና። ፕላዝማው ከነሳጥኑ ምድር ቤት ድረስ ተከትሎኝ የመጣ ነው የመሰለኝ። ቴክ አፕ፣ ቴክ ኦን፣ ቴክ ኢን፣ ቴክ ኦቨር፣ ቴክ አውት ተሰልፈው ሲመጡ ማን ማን እንደሆነ ማን ይለያል? መንታ ልጆችን አንድ ዓይነት ልብስ አልብሶ ስማቸውን ጥሩ እንደማለት ነው። ሐሙስ ከ64ቱ 19 አገኘሁ። ጋሼ 11። ካሜሩናዊው ሰውዬ ከዚያ ማታ በኋላ አልተመለሰም። ከነዚያ 19 ውስጥ ዛሬ የማስታውሰው የቀድሞዋ አስተማሪ በእጃቸው ያሳዩንን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታዬ መልመጃ መጽሐፉ ነው። ከእንግሊዝ አገር የመጣ ነው። ሰው የለገሳቸው ይመስለኛል። እንግሊዞች በላጲስ ማጥፋትን ረብ አውት ይላሉ። ትምህርት ሲዘጋ ት/ቤቱ ብሬክ አፕ አደረገ ይላሉ። ለፈተና ማጥናትን ስዎት አፕ። አሜሪካ ውስጥ ብሬክ አፕ ፍቅረኛሞች ሲለያዩ ነው። ረብ አውት ደግሞ በድሮ የወንበዴ አነጋገር ሰው መግደል ነው። እኔ ይሄን ሳላውቅ ለትንሿ ልጄ አስተማሪ በወረቀት ላይ ልጽፍ ነበር። «ስሟን ተሳስታ ስለጻፈች ረብ አውት ታድርገው» ብዬ። ልጄ ነች ያስቆመችኝ። «ማሚ፣ ኢሬዝ በይ» አለች። ኢሬዝ! ለአንድ ጊዜ እንኳ ትልቁ እንግሊዝኛ አሸነፈ። አስተማሪዋ ሲመለሱ መጽሐፉ ላይ የእንግሊዝ የሆኑትን በቀይ ክብ አስከብበው አስተካከሉ። ቀድሞ መደረግ ነበረበት። ከአዲስ አበባ ወይም ከለንደን የሚያነብ ካለ ግን መጽሐፉ ለእናንተ ጥፋት የለበትም፤ የእኔ ችግር የሜሪላንድ ነው።

ሌላው ጥቃቅን ነው። ልጅ ማቆያ የለም። የወላጆች ኮርስ ብሎ ልጅ ማቆያ አለማሰብ ይገርማል። እኔ ባሌ ማታ ቤት ስላለ ዳንኩ፤ አንዲት እናት ግን ሕፃኗን አቅፋ ነው የጨረሰችው። ምድር ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ ጋቢ ይዞ መሄድ ነው። ጋሼ በእርግጥም ጋቢ ይዘው መጡ። አምስተኛው ሳምንት ላይ ቬትናማዊቷ አያት ከጎናቸው ተቀምጠው የጋቢውን ጫፍ ተጋርተው ነበር። ቡና ነፃ ነው፤ ቡና ለማለት ከደፈራችሁ።

ከ5 ኮከብ ስንት ትሰጫለሽ ለሚለኝ፣ ለአስተማሪዋ 5፣ ለወረቀቱ 2። በስልክ መተግበሪያ ብቻ ልማር ለሚልም ሞክሬዋለሁ። ቃሉን ከሥዕሉ ጋር ታዛምዳለህ፣ ርችት ይተኮስልሃል፣ በነጋታው ትረሳዋለህ። ስልኩ ጋሼን መሀል አያስገባም።

ለማን ይሆናል? ጨርሶ ፊደል ለማይቆጥር አይሆንም፤ ይጨናነቃል። እንደ እኔ እንግሊዝኛውን በወረቀት ተምሮ በጆሮ ላልሰማ ሰው ነው። ልጆቹ ት/ቤት ገብተው የመጀመሪያው ኢሜይል ከመምጣቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል። እኛ ያለንበት የሞንጎመሪ ካውንቲ ት/ቤቶች ዋና ዋና ማስታወቂያዎችን በአማርኛም ያወጣሉ፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። የአስተማሪዋን የምሽት ኢሜይል ግን ማንም አይተረጉምልሽም። ያ ኢሜይል ደግሞ ሁልጊዜ በትንንሹ እንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው።

በጥር መጨረሻ ሌላ ኢሜይል መጣ። የዚህኛው አስተማሪ የሒሳብ ነው። ልጅዎ ካች አፕ እያደረገ ነው፣ ሁሉንም ተርን ኢን አድርጓል፣ ግን ከሰዓት በኋላ ዞን አውት ያደርጋል ይላል። አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፣ እንደ ድሮው ቆሜ። መዝገበ ቃላት አላወጣሁም። ቤት ስገባ ልጁ ሶፋው ላይ ነው። «ማሚ፣ ምን ይላል?» አለኝ፤ ድምፁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

«ከሰዓት ከሰዓት ጭልጥ ትላለህ አሉ። ምን ሆነህ ነው? ማታ ስንት ሰዓት ነው የምትተኛው?»

ስልኩን ዝም ብሎ ሰጠኝ።

ሁለተኛው ዙር በመጋቢት ይጀምራል፤ ወረቀቱ እንጀራ ሱቁ በር ላይ ተለጥፏል፣ ዋጋውም ያው 60 ነው። ጋሼ ተመዝግበዋል፤ «ዘንድሮ ኢት አልሆንም» ብለው ፎክረዋል። እኔን የሌሊት ፈረቃዬ ከማክሰኞ ጋር ተጋጨብኝ። ሳይን አፕ ብዬ በሦስተኛው ሳምንት ድሮፕ አውት ከማደርግ እስከ ሰኔ ልጠብቅ ብያለሁ።